አያ ደባሱ የተገዘቱ ሰሞን

በአገራችን አንድም ቤት ያለ አማካሪ ተሠርቶ አያውቅም። ድሃ ይሥራው ሀብታም፣ ጎጆ ይሁን ፎቅ፣ የመጀመሪያው ድንጋይ መሬት ሳይነካ አማካሪው ከተፍ ይላል። የጠራው የለም፤ የቀጠረውም የለም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ ያይና ከንፈሩን መጠጥ ያደርጋል። በዚያች ከንፈር ብቻ ስንቱ ግንበኛ መዶሻውን ጥሎ ሊሄድ ተነስቶ በሽማግሌ ተመልሷል።

የላሊበላው አማካሪ አያ ደባሱ ይባላሉ። የሰፈሩ ጠቅላይ መሐንዲስ፣ የግድግዳና የጣራ የበላይ ተቆጣጣሪ፣ የሰው ቤት ባለአደራ ናቸው። ሹመቱን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም፤ ልሻርዎ ያላቸው ሁሉ ግን አፍሮ ተመልሷል። ከሕንፃ ሥራ ጋር ያላቸው ዝምድና፣ በደርግ ጊዜ አንድ ክሊኒክ ሲሠራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሚንቶ መጠበቃቸው ነው። "እኔ በዚህ ሙያ ስኖር..." ብለው ሲጀምሩ፣ ሙያ የሚሉት ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠው ያሳለፉትን ሦስት ዓመት ነው።

የራሳቸው ቤትስ አትሉም? የራሳቸው ቤት ይኸው አሥራ አምስት ዓመት አላለቀም። አንዱን ግድግዳ ያቆማሉ፤ በማግስቱ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል፤ በሦስተኛው ቀን ያፈርሱታል። ባለቤታቸው እትዬ አገሬ ለሰሚው ሁሉ እንዲህ ይላሉ፦ "ሴት ባል አግብታ ቤት ትገባለች፤ እኔ ባል አግብቼ ግቢ ላይ ቀረሁ።"

አያ ደባሱ ሁለት አባባል አላቸው። አንደኛው "እኔ ምን አገባኝ፤ ግን..." የሚለው ነው። ይህ ሲሰማ የቤቱ ጌታ ልቡን አጥብቆ መያዝ አለበት። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ "ሬሳው በየት ይወጣል?" በእሳቸው እምነት ሰው ወደ ቤቱ በእግሩ ይገባል፤ በመጨረሻው ቀን ግን አራት ሰው ተሸክሞት ነው የሚወጣው። ስለዚህ በሩ ጠቦ፣ መተላለፊያው ተጣሞ፣ ሟች ወዲያና ወዲህ ከተንገላታ ያ ቤት አይደለም፤ ወጥመድ ነው። እሺ፣ እውነት ይሁን። ግን ለአዲስ ቤት ምርቃት የተጠራ ሰው፣ የሰው ጠላ በእጁ ይዞ፣ የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው?

በሚሊኒየሙ ዋዜማ በየኮረብታው ሆቴል እንደ አሸን ሲፈላ፣ ነጋዴው አቶ አባስም አንዱን ሠርተው ሰፈሩን ግብዣ ጠሩ። አያ ደባሱ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወጥተው ወረዱና ያችን ጥያቄያቸውን ጠየቁ።

"ያ ረቢ!" አሉ አቶ አባስ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ። "ምነው አያ ደባሱ! የኔ እንግዶች እኮ ፈረንጆች ናቸው።"

"ፈረንጅ አይሞትም?"

አቶ አባስ የዚያን ቀን በገዛ ግብዣቸው ላይ እህል አልወረደላቸውም።

እንግዲህ ከእኚህ ሰው ጋር አጥር የሚዋሰን አባት ልጁን አርክቴክቸር ያስተምራል? አቶ ጥሩሰው አስተማሩ። ልጃቸው የትናየት ጎበዝ ነበረችና አዲስ አበባ ሄዳ የሕንፃ ንድፍ ትምህርት ገባች። በየእረፍቱም የስቱዲዮ ሥራዋን በካርቶን አሽጋ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ የሁለት ቀን መንገድ በአውቶቡስ እየተንገጫገጨች ትመጣለች። ስቱዲዮ ማለት ተማሪው ቤት በሐሳቡ ወልዶ፣ በወረቀት ነድፎ፣ በካርቶን አሳንሶ ሞዴል ሠርቶ፣ በመምህራን ፊት አቁሞ የሚብጠለጠልበት ትምህርት ነው። ለመብጠልጠሉማ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልጋትም ነበር።

የመጀመሪያው ሥራዋ ከነጭ ካርቶን የተሠሩ ሰባት ሳጥኖች ነበሩ፤ ስድስቱ አንዱ ባንዱ ላይ ተደጋግፈው፣ ሰባተኛው ተነጥሎ። መምህሩ ስሜት የሚገልጽ ቅርጽ ሥሩ ብሎ ያዘዘው ነው። ለአባቷ ልታሳይ አውጥታ መደብ ላይ ስታስቀምጠው አያ ደባሱ በአጥሩ ቀዳዳ ገቡ።

"ማን ነው የሚኖርበት?"

"ማንም አይኖርበትም፣ አያ ደባሱ። ስሜት ነው የሚገልጸው።"

"የምን ስሜት?"

"የብቸኝነት።"

አያ ደባሱ ጎንበስ ብለው ሰባተኛውን ሳጥን ዞረው አዩት። "እሱስ ልክ ነው፤ በር የለውም" አሉና ወጡ።

የትናየት ያንን ሥራ ስትጨርስ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልነበራትም። ስለ ባዶ ቦታ፣ ስለ ብርሃንና ስለ ጥላ ሦስት ገጽ ጽፋበታለች። ሦስቱ ገጽ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተጠቅልሎ ቀረ። አባቷ ደግሞ ይባስ ብለው ሲስቁ አገኘቻቸው።

ሁለተኛው ሥራዋ ጋሸና መገንጠያው ላይ ለመንገደኛ የሚሆን የአውቶቡስ መጠበቂያ ነበር። ጣራው የተዘረጋ የንስር ክንፍ ነው፤ በሁለት ቀጫጭን ምሰሶ ብቻ የቆመ። ይህንንስ ማንም አያጣጥልብኝም ብላ ነበር። አያ ደባሱ መጡ፤ አዩ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ክንፍ ነው።"

"እኔ ምን አገባኝ፤ ግን የጋሸናን ነፋስ ታውቂዋለሽ፣ ክንፍ ከሆነማ ይበራል።"

"በሐሳብ ደረጃ ነው እኮ፣ አያ ደባሱ!"

"ነፋሱ ግን በሐሳብ ደረጃ አይደለም የሚነፍሰው።"

እስቲ አሁን ይህን ሰው ምን ይሉታል? የተማረ ሰው ቢሆን ተከራክራ ትረታው ነበር። ያልተማረን ሰው በምን ክርክር ይረቱታል? የትናየት በንዴት ደሟ ፈልቶ፣ ክንፉን ወደ ካርቶኑ መልሳ፣ "ቅናት ነው!" አለች። በዚያ ዕድሜያቸው በካርቶን ክንፍ እንዴት እንደሚቀኑ ግን አላብራራችም።

እነዚህ ሁሉ ግን ምንም አልነበሩም። ጉድ የፈላው በሦስተኛው ነው።

ሦስተኛው ሥራ አምስት ሰው የሚኖርበት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነበር። የትናየት ወገቧ እስኪቀነጠስ ጎንበስ ብላ፣ ጣቶቿን በምላጭ እየቆረጠች፣ በአሥር ቀን ጨረሰችው። ከፎቁ የሚወርደው ደረጃ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል የተጠማዘዘ ነው፤ መስኮቶቹ ጥፍር ያክላሉ፤ የውጭው በር ደግሞ የጣት ውፍረት እንኳ የለውም። ሙጫ ልትገዛ ገበያ ወርዳ ስትመለስ፣ አያ ደባሱ መደቡ ላይ ተቀምጠው ቢላዋቸውን በጋቢያቸው ሲጠርጉ አገኘቻቸው። በጉን ለፋሲካ የሚባርኩበት ቢላዋ ነው። በሩን ወዲህና ወዲያ ቆርጠው አስፍተውታል፤ የደረጃውንም ታችኛውን ጥምዝ ከነግድግዳው አንስተውታል።

የትናየት የገዛችውን ሙጫ መሬት ላይ ጣለችው። ከዚያ የወጣው ጩኸት ሰው የሞተ መስሎ ሰፈሩን በሙሉ ጠራው።

"ምነው አያ ደባሱ! የልጅ ልፋት በቢላዋ?" አሉ እናቷ ወይዘሮ ባንችይርጋ፣ ራሳቸውን ይዘው።

"እኔ ምን አገባኝ፤ ግን ሰው ሲሞት በዚያ ደረጃ አጥፋችሁ ልታወርዱት ነው?"

"ማን ሊሞት ነው? ሟርትዎን ወዲያ ይውሰዱልን!"

"እኔ ገደልሁት እንዴ? በር ነው የከፈትሁለት።"

አቶ ጥሩሰው ሳቃቸውን ረሱ። በዚያው ቀን የሁለቱም ቤት ነፍስ አባት የሆኑትን መምሬ ተክለ ሚካኤልን አስጠሩ። መምሬ የተቆረጠውን ሞዴል አዩ፤ የልጅቱን ያበጠ ዓይን አዩ። ሌላ ሰው ቢሆን ገሥጸው ይለቁት ነበር። አያ ደባሱን ግን ያውቋቸዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ያሠሩ ዕለት እሳቸውም ምላሳቸውን ቀምሰዋል። መስቀላቸውን አወጡ።

"ደባሱ፣ ከእንግዲህ የዚህችን ልጅ ሥራ በሚመለከት አንዲት ቃል ብትተነፍስ፣ በእጅህም ብትነካ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ገዝቼሃለሁ!"

አያ ደባሱ ክው ብለው ቀሩ። ሰው የከለከለው ነገር ይጣሳል፤ ካህን የገዘተው ግን አይቀለድበትም። ቢላዋቸውን ወደ አፎቱ መልሰው፣ በአጥሩ ቀዳዳ ጎንበስ ብለው ወጡ።

የትናየት "እሰይ!" አለች። የተቆረጠውን በር፣ ደረጃውንም እንደነበረ በሙጫ ገጥማ ለጥፋ፣ አዲስ አበባ ወስዳ መምህራኑ ፊት አቆመችው። ከመምህራኑ አንዱ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ በሩን አየ፤ ደረጃውን አየ፤ ከዚያ ጠየቀ፦

"ፍሪጁ በየት በኩል ነው የሚገባው?"

ለየትናየት ዲ ተሰጣት። ይህችን የፍሪጅ ነገር ላሊበላ ላይ ለማንም አልተናገረችም። እንኳን ለሌላ ለእናቷም።

በስቱዲዮ አንድ ዲ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛ ዲ ከመጣ ግን ተማሪዋ ከትምህርት ክፍሉ ትሰናበታለች። አቶ ጥሩሰው ደግሞ "ልጄ መሐንዲስ ናት" ብለው ለገበያተኛው ሁሉ ተናግረዋል፤ ለገነተ ማርያም ቄሶች ሳይቀር። ስለዚህ አራተኛው ሥራ የሞት ሽረት ሆነ። የታዘዘው "በምታውቁት ቦታ ለእንግዳ የሚሆን ማረፊያ ንደፉ" የሚል ነበር። የትናየት ወደ አሸተን ማርያም ለሚወጡ ተሳላሚዎች ማረፊያ ልትነድፍ ወሰነች። በየካቲቱ እረፍት መጥታ፣ ተራራውን ሁለት ጊዜ በበቅሎ ወጥታ፣ አገር ምድሩን የሚያሳየውን የገደል አፋፍ መረጠች። ሞዴሉንም ከነአፋፉ ሠራችው። ድንጋይ ግድግዳው፣ ዝቅ ያለው ጣራ፣ ወደ ላስታ ሸለቆዎች የተከፈተው ሰፊ በረንዳ፣ ሁሉም እንዳሰበችው ሆነላት። በሩም ሰፊ ነው፤ አልጋ ከነሰዉ ያሳልፋል። ወደ አዲስ አበባ ልትመለስ ሳምንት ቀርቷታል።

ጎረቤቱ እየመጣ አየ። "ያምራል!" አሉ። "እንዴት ሸጋ ነው!" አሉ። "የእጅሽ ነገር!" አሉ። ወይዘሮ ባንችይርጋ አለቀሱ። ከሁሉ በኋላ አያ ደባሱ መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድንገት ዓይናቸው ተከፈተና ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ወዲያው የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ድፍን አደረጉ።

የትናየት አየቻቸው።

"አያ ደባሱ፣ ምን አዩ?"

ዝም።

"በሩ ነው?"

ሰማይ ሰማይ አዩ።

"ጣራው ነው? ጣራው ከሆነ ያስሉ።"

አያ ደባሱ ጋቢውን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ ግዝት በሳል አይታለልም" ብለው፣ ያችኑ ተናግረው ሹልክ አሉ።

ይህን ጊዜ ነው ንዴት ማለት! ዝም ይበሉ እየተባሉ ሲናገሩ የኖሩ ሰውዬ፣ ይናገሩ ሲባሉ ዝም! ሃያ ሆቴል ሲያረክሱ፣ በሙሽራ ጎጆ ላይ ሲያሟርቱ፣ ክንፍ ሲያበርሩ ያልተያዘ አፍ፣ ዛሬ የሚፈለግ ዕለት ተቆለፈ! ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የአያ ደባሱ ዝምታ ግን በሁለት ቀን ውስጥ የትናየትን ነቀዛት። ሞዴሉን አዙራ አዙራ አየችው። ምኑ ነው? ወደ ጎረቤት ሄዳ ጠየቀች። "ያምራል" አሏት። "እኮ ምኑ?" ብትል "ሁሉ ነገሩ" አሏት። ያምራል፣ ያምራል! ሲሰድቧት እንኳ እንዲህ አልተናደደችም።

በሦስተኛው ቀን እትዬ አገሬ መጡ።

"ምን አሳየሽው ልጄ? ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰም። ይነሳል፣ ይቀመጣል፤ ከግድግዳው ጋር ይነጋገራል። አንድ ነገር ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበታል። ሁለት ቀን ቢቆይ ይሞትብኛል።"

የትናየት እስከዚያ በውል ያላየችው ነገር ያኔ ገባት፤ ስትቀበለውም እያመማት ነው። ሰዉ ሁሉ ሞዴሏን ሲያይ የሚያየው ካርቶን ነበር። ጥሩ የተቆረጠ፣ ጥሩ የተለጠፈ ካርቶን። ገና ከዚያች ሰባተኛ ሳጥን ጀምሮ በር የፈለጉት፣ ነፋሱ የነፈሰባቸው፣ በደረጃው ሬሳ ያወረዱት እኚህ መዓተኛ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። እሳቸው ብቻ ናቸው ቤት ያዩት።

"ነገ አሸተን እንወጣለን በሏቸው" አለች።

ግዝቱን የሚፈቱት መምሬ ተክለ ሚካኤል ሱባኤ ይዘው አሸተን ማርያም ነበሩ። በማግስቱ የትናየት ሞዴሉን ከነካርቶኑ በነጠላ አዝላ ዳገቱን ተያያዘችው። አያ ደባሱ ባዶ እጃቸውን ከኋላ ይከተላሉ። በእጅህም ብትነካ ተብለዋልና ካርቶኑ ወዲህ ሲያዘነብል እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ መልሰው ይሰበስቡታል። መንገደኛው ሁሉ "ምነው አባቴ፣ ልጅቱን አያግዟትም?" እያለ ሲወቅሳቸው፣ ይህንንም እንዳያስረዱ ተገዝተዋል። የትናየት በሆዷ "ይበልዎት!" እያለች ወጣች። ከመጨረሻው ዳገት በታች መንገዱ የሚታጠፍባት ጥምዝ ላይ ሲደርሱ ትንፋሿ ተቆርጦ ቋጥኝ ተደግፋ ቁጭ አለች። ካረፈች በኋላ ተነስታ ቀጠለች።

መምሬ ነገሩን ከሰሙ በኋላ ልጅቱን ትክ ብለው አዩዋት።

"ልጄ፣ ሰው ከግዝት የሚያስፈታው ለመታረቅ ነው። አንቺ ለመሰደብ ልታስፈቺ ነው የመጣሽው?"

"አዎ፣ አባ። ከዚህ በላይ ዝም ካሉኝ እባረራለሁ።"

"ፈቅደሽ ነው? ወደሽ ነው? በኋላ ዳግመኛ ግዘቱልኝ ብትዪ አልሰማሽም።"

"ወድጄ ነው።"

መምሬ አያ ደባሱን አንበርክከው መስቀሉን ከጭንቅላታቸው ላይ አደረጉ። "እግዚአብሔር ይፍታህ። ምላስህ ተፈትቷል፤ ቢላዋህ ግን እንደተገዘተ ነው።"

አያ ደባሱ ተነሱ። አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ቃል ሁሉ ባንድ ጊዜ ሊወጣ ሲጋፋ ጉሮሯቸው ላይ ይታይ ነበር። የትናየት ካርቶኑን ፈትታ ሞዴሉን ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው።

"ቤቱ ደህና ነው" አሉ።

"እና ለምንድን ነው እህል የከለከለዎት?"

"ያለበት ቦታ ነዋ! አፋፉ ላይ ምን ሊሠራ ወጣ?"

"ለእይታው ነዋ፣ አያ ደባሱ! አገሩ በሙሉ ከዚያ ይታያል።"

"እይታ!" አሉ፣ ቃሉን እንደ መራራ ቅጠል እየተፉት። "አንቺ ቦታውን ስትመርጪ በምን መጣሽ?"

"በበቅሎ።"

"በቅሎዋን ነው ያሳረፍሻት እንግዲህ። ዛሬ በእግርሽ ስትመጪ የት ነው የተቀመጥሽው?"

የትናየት ወደ ታች፣ ወደመጣችበት መንገድ አየች።

"ጥምዟ ላይ! ሁሉም እዚያችው ነው የሚቀመጥ። እርጉዟ፣ አሮጊቷ፣ በሽተኛ ያዘለው። ከዚያ ያለፈ ሰው ማርያም ደጅ ደርሷል፤ የአንቺን ቤት ምን ያደርግለታል? ያቃተው ሰው፣ ልጄ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚቀመጥ። እይታ ትይኛለሽ እንዴ!"

ከዚያ ማን ያስቆማቸዋል! ከተራራው እስኪወርዱ አላረፉም። ጥምዟ ላይ ሲደርሱ ውሃው ክረምት በየት እንደሚወርድ፣ ነፋሱ ከየት ዞሮ እንደሚመጣ፣ አህያ የት እንደሚታሰር፣ አሮጊት ወገቧን ለመደገፍ ግድግዳው ምን ያህል ጋደል ማለት እንዳለበት ራሳቸው ተቀምጠው፣ ተነስተው፣ ተኝተው አሳዩዋት። የትናየት ደብተሯን ሞላች። በየመሀሉ ትጣላቸዋለች፤ በየመሀሉ ትጽፋለች። አራት ቀን ቀርቷት ነበርና ግድግዳውን አፍርሳ፣ ሰፊውን በረንዳ ቆርጣ ጣለችው፤ ሲጣል አለቀሰች። ማረፊያው ጥምዟን ተጠግቶ፣ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ፣ ረጅም መደብ ብቻ ሆኖ ተሠራ። አያ ደባሱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ሙጫው እስኪደርቅ እንኳ ሳይታገሱ፣ በየቀኑ ሰደቡት።

አዲስ አበባ ላይ ያ መነጽረኛው መምህር የቦታውን ካርታ አይቶ "ከበላዩ እንዲህ ያለ እይታ እያለ ለምን እዚህ ጉድባ ውስጥ ከተትሽው?" አላት።

"የደከመ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚቀመጠው" አለች የትናየት።

መምህራኑ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ መምህርት ሞዴሉን ጎንበስ ብላ ስታይ ቆየችና የሆነ ነገር ጻፈች።

ውጤት የተለጠፈ ቀን የትናየት ከሰሌዳው ላይ ስሟን በጣቷ ፈልጋ አገኘች። እየሮጠች ወጥታ ወደ አባቷ ሞባይል ደወለች። አቶ ጥሩሰው እልል አሉ፤ ወይዘሮ ባንችይርጋ እልል አሉ፤ ከጀርባም የእትዬ አገሬ እልልታ ተሰማ። ከዚያ ስልኩ ከእጅ እጅ ሲሄድ ተንኮሻኮሸና አንድ ድምፅ ሰላምታም ሳያስቀድም መጣ።

"ስንት ሰጡሽ?"

"ቢ ሰጡኝ፣ አያ ደባሱ! ቢ!"

ወዲያ ማዶ ከንፈር ሲመጠጥ ተሰማ።

"እኔ ብሆን አልሰጥሽም ነበር።"

የትናየት ስልኩን መሬት ላይ ልትከሰክሰው ምንም አልቀራት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሳቅ ይሁን ንዴት ለራሷም አልለየላትም። ተማሪው በዙሪያዋ እየተቃቀፈ፣ እየጨፈረ ያልፋል። እሷ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

"ለምን?" አለች፣ በሌላ እጇ ቦርሳዋ ውስጥ እስክሪብቶ እየፈለገች።